እንግሊዞችም መኖሪያ ፈቃድ ሲጠይቁ

ባለፈው ሳምንት መታወቂያ ለማሳደስ ካምፓላ ሰልፍ ላይ ቆሜ ከአንዲት እናት ጋር ወግ ጀመርን። ሰልፉ አልንቀሳቀስ ሲል ስፔንና ፈረንሳይ ስለሚኖሩ እንግሊዞች አነሳሁላቸው። «እንዴ! እነሱም መኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃሉ?» ብለው ሳቁብኝ። ቀልድ መስሏቸው ነው። አይደለም እማማ፣ በደንብ አድርጎ ሰልፍ አሰልፏቸዋል፤ እጽፍልዎታለሁ አልኳቸው። ልጃቸው ታነብላቸዋለች። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ብሪታንያ የአውሮፓን የጋራ ገበያ የተቀላቀለችው በ1973 ነው። ያን ጊዜ ዜጎቿ ያገኙት መብት የሠራተኛ መብት ነበር፤ ሥራ ያገኘ ሰው ጀርመን ሄዶ ይሠራል፣ ቤተሰቡን ይወስዳል። ሥራ የሌለው ጡረተኛ በሌላ አገር መኖር እንዲችል ግልጽ መመሪያ የወጣው በ1990 ነው፤ ያውም የሚተዳደርበት ገንዘብና የጤና መድን ካለው። በ1992 የማስትሪክት ውል ተፈረመና «የአውሮፓ ኅብረት ዜግነት» የሚባል ነገር መጣ። በ2004 የወጣው መመሪያ ደግሞ ሁሉንም አጠቃሎ አስቀመጠው፦ እስከ ሦስት ወር በፓስፖርት ብቻ፣ ከዚያ በላይ ለሠራተኛ፣ ለተማሪና ራሱን ለቻለ፣ አምስት ዓመት በሕጋዊ መንገድ ለኖረ ደግሞ ቋሚ የመኖር መብት።

ልብ በሉ፤ መብቱ በአንድ ቀን የወረደ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ፈጅቷል። ሰዉ ግን ለመደውና ረሳው። ስፔን የባሕር ዳርቻ ላይ ቤት ገዝተው፣ የትም ሳይመዘገቡ፣ ብዙ ዓመት የኖሩ እንግሊዞች ነበሩ። ማን ይጠይቃቸዋል? ራሳቸውንም ስደተኛ ብለው አያውቁም። ያ ስም ለእኛ የተቀመጠ ነው።

ሰኔ 23 ቀን 2016 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። 51.9 በመቶው «እንውጣ» አለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ፤ ከአገር ከወጣ ከ15 ዓመት በላይ የሆነው እንግሊዛዊ ድምፅ መስጠት አይችልም ነበር። ኑሮው በቀጥታ የሚነካበት ሰው ውሳኔውን በቴሌቪዥን አየ። ሃሪ ሺንድለር የሚባሉ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ጣልያን ይኖሩ ነበር፤ ይህን ደንብ እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግተው በ2013 ተረቱ። ደንቡ የተነሣው በጥር 2024 ነው። ሽማግሌው በ2023 በ101 ዓመታቸው አርፈዋል፤ አልደረሱበትም።

ብሪታንያ ጥር 31 ቀን 2020 ወጣች፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ግን መሸጋገሪያ ተሰጠ። በመውጫው ስምምነት መሠረት እስከ ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ድረስ በአንድ የኅብረቱ አገር በሕጋዊ መንገድ የኖረ እንግሊዛዊ መብቱ ይጠበቅለታል፤ እዚያው አገር ብቻ። ፈረንሳይ የኖረው ፈረንሳይ ይኖራል፤ ነገ ተነስቼ ጣልያን ልኑር ቢል ግን በዚያ ስምምነት አይሄድም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ያ ስምምነት 18ኛ አንቀጹ ላይ ለአገሮቹ ምርጫ ሰጥቷል። አንዳንዶቹ «መብቱ አለህ፣ ካርዱ ማስረጃ ነው» አሉ። ስፔን፣ ጀርመን፣ ጣልያንና ፖርቱጋል እንደዚያ ናቸው። እዚያ የዘገየ ሰው ይጉላላል እንጂ መብቱ አይጠፋም። ሌሎቹ ደግሞ «አመልክት፣ ካላመለከትክ መብት የለህም» አሉ። ፈረንሳይ፣ ኔዘርላንድስ፣ ስዊድን፣ ዴንማርክ፣ ኦስትሪያ እዚህ ውስጥ ናቸው። እዚህ ካርዱን መስጠት ራሱ መብቱን መስጠት ነው፤ የማመልከቻው ቀን ካለፈ ግን ሃያ ዓመት መኖርህ ብቻውን አያድንህም።

ዴንማርክ ላይ የሆነውን እዩ። ማመልከቻው እስከ 2021 መጨረሻ ነበር። አንዳንድ እንግሊዞች፣ ሥራና ቤት ያላቸው፣ ቀኑን አሳልፈው አመለከቱና ተከለከሉ፤ አገር ልቀቁ የተባሉም ነበሩ። ነገሩ በጋዜጣ ከወጣና ጩኸት ከበዛ በኋላ መንግሥት በ2023 በሩን እንደገና ከፈተ። የኪራይ ውል፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የመብራት ክፍያ ደረሰኝ፣ ሁሉም ተፈለገ። እኛ በፌስታል ጠቅልለን ከአገር አገር ይዘነው የምንዞረውን ዓይነት ወረቀት እነሱም መሳቢያቸው ውስጥ ሲበረብሩ ሳስብ፣ እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቆይቶ አፈርኩ።

ይህን ልዩነት ለምን አበዛሁት? እኛንም ስለሚነካ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን መመሪያ መጽሐፍ በግልጽ ያስቀመጠው ነገር አለ፤ ሰው ስደተኛ የሚሆነው ስለታወቀለት አይደለም፣ ስደተኛ ስለሆነ ነው የሚታወቅለት። ማለትም በሕጉ እኛ እንደ ስፔን እንግሊዞች ነን፤ ወረቀቱ ማስረጃ ነው። በሰልፍ ላይና በፍተሻ ኬላ ግን እንደ ዴንማርኮቹ ነን። መታወቂያው ያለፈበት ልጅ በሌሊት ሲያዝ የመጽሐፉን አንቀጽ የሚያነብለት የለም።

ፈረንሳይ ከ1984 ጀምራ የኖረች አንዲት እንግሊዛዊት ነበረች። ከመራጮች መዝገብ ስሟ ሲሰረዝ ከሰሰች። እንግሊዝ አገር በ15 ዓመቱ ደንብ መምረጥ አትችልም፣ ፈረንሳይ ደግሞ ሰረዘቻት፤ የትም የማትመርጥ ሆነች። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሰኔ 2022 ወሰነ፦ አገርሽ ከወጣች የኅብረቱ ዜግነትሽም አብሮ ቀርቷል። የመኖር መብቷ ግን እንዳለ ነው።

ከ2020 በኋላ አዲስ የሚሄደው እንግሊዛዊ እንደ ማንኛውም የውጭ ዜጋ ነው። በሸንገን አገሮች ያለ ቪዛ መቆየት የሚችለው በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው። ስፔን መኖር የሚፈልግ ጡረተኛ በቂ ገቢና የጤና መድን አሳይቶ ቪዛ ይጠይቃል። አየርላንድ ብቻ ሳይነካ ቀረ፤ ሁለቱ አገሮች ከኅብረቱ በፊት የነበረ የራሳቸው የጋራ መጓጓዣ ስምምነት አላቸው።

ዘጠና ቀን ስል ካምፓላ ያለ የታሪክ አስተማሪ ሌላ ነገር ያስታውሳል። በ1972 ኢዲ አሚን ኤሽያውያንን ውጡ ሲላቸው የሰጣቸው 90 ቀን ነበር። ብዙዎቹ የብሪታንያ ፓስፖርት ነበራቸው፤ ወደ 28 ሺህ የሚጠጉትን ብሪታንያ ተቀብላለች። ከዚያ አራት ዓመት በፊት ግን፣ በ1968፣ የኬንያ ኤሽያውያን በዚያው ፓስፖርት መግባት ሲጀምሩ ፓርላማው በሦስት ቀን ሕግ አውጥቶ ዘጋባቸው። ወላጅ ወይም አያት እዚያ ያልተወለደለት ፓስፖርቱን ይዞ ይቁም ተባለ። ፓስፖርት አለ፣ መግቢያ የለም። ይህን ለተማሪዎቼ ሳስተምር «ታዲያ ፓስፖርቱ ለምን ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ነበር። እስካሁን ጥሩ መልስ አላገኘሁለትም።

የሚገርመው ደግሞ ወደ አገራቸው የሚመለሱት ናቸው። ፈረንሳዊት ያገባ እንግሊዛዊ ድሮ በኅብረቱ ሕግ ሚስቱን ይዞ ይመለስ ነበር። ያ መንገድ መጋቢት 29 ቀን 2022 ተዘጋ። አሁን በገዛ አገሩ ለሚስቱ ቪዛ ይጠይቃል፣ ገቢውን ያሳያል። መስፈርቱ በዓመት 18,600 ፓውንድ ነበር፤ በሚያዝያ 2024 ወደ 29,000 ከፍ አለ።

በመጨረሻ ለዘመዶቼ ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ስለ አጎቴ ልጅ ጠይቃችሁኛል። ለንደን ነው፣ በ2019 የእንግሊዝ ፓስፖርት አግኝቷል። ባለቤቱ የስዊድን ዜጋ ናት፣ ኑሮዋም እዚያው ስዊድን ነው። ሁለቱም የወጡት በሱዳን በኩል ነው። ፓስፖርቱን ባገኘበት ዓመት ተነስቶ ሄዶ ቢሆን ቪዛ ሳይጠይቅ አብሯት ይኖር ነበር። ሥራዬን ላደላድል ብሎ ቆየ፤ ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ለንደን ሆኖ አለፈው። አሁን ለስዊድን የስደተኞች መሥሪያ ቤት የቤተሰብ ማመልከቻ አስገብቷል። እስካሁን መልስ አልመጣም። ሲመጣ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።