ሁለተኛው ልኬት

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ 4ኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ብዙዎቻችን የዚህችን መኪና ታሪክ እዚያ ላይ እናቆመዋለን። ቮልስ ግን ንጉሡንም፣ ደርግንም፣ የራሷን ምርትም አልፋ ኖራለች። የመጨረሻዋ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ተመርታ ምርቱ ሲቆም፣ አዲስ አበባ ላይ የአባትና የአያት ቮልሶች መነዳታቸውን ቀጠሉ።

እንዴት? ሞተራቸው እየወረደ፣ እየተፈታ፣ እየታደሰ።

የጋራዡ ቋንቋ ራሱ ታሪክ ነው፦ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ብሮንዚና፣ ቶርኖ። ቃላቱን ከጣሊያንኛ ወረስን፤ ሞተሩን ያቆየው ግን ልኬት ነው።

ክራንክሻፍት ለዓመታት ሲሽከረከር ብሮንዚና የሚታቀፈው ቦታ ይበላል፣ ክብነቱን ያጣል። ማሽን ቤት ፍቀው በ0.25 ሚሊ ሜትር ያሳንሱታል፤ በዚያው ልክ የወፈረ ብሮንዚና ይገባለታል። በሁለቱ መሃል ለዘይት የሚቀረው ክፍተት የፀጉር ውፍረት ያህል ነው። ከጠበበ ብረት ብረትን ይበላል፤ ከሰፋ የዘይቱ ግፊት ይወርዳል። ቮልስ ደግሞ ራዲያተር የላትም። የሚያቀዘቅዛት አየርና 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ስለሆነ ስህተት አትችልም።

ስለዚህ ጠንቃቃ መካኒክ ከማሽን ቤት የመጣውን ዕቃ ዝም ብሎ አይገጥምም። እያንዳንዱን ቦታ በማይክሮሜትር በሁለት አቅጣጫ ይለካል፦ ሞላላ ሆኗል? አንዱ ጫፍ ቀጥኗል? የዘይት መተላለፊያዎቹን በብሩሽ እየጎረጎረ ያጥባል፤ እዚያ የቀረ የብረት ብናኝ አዲሱን ብሮንዚና ሞተሩ በተነሣበት ቀን ይቧጭረዋል። ክራንኩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚላወሰውም ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያያል። ይህን ያላረጋገጠ ሰው አዲስ ዕቃ ቢደረድር ምን ዋጋ አለው? ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም።

እንዲህ መለካት ማሽን ቤቱን መጠርጠር አይደለም። የሚፍቀው ሰው ይደክመዋል፣ ማሽኑም ያረጃል፤ ሁለተኛው ልኬት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል፤ ያሉን ሞተሮች ያሉን ናቸው። ክራንክሻፍትም እንደፈለጉ የሚፋቅ ነገር አይደለም፦ 0.25፣ 0.50፣ 0.75 እያለ ዕድሜው ይቆጠራል። ለመለካት የሚጠፋው ግማሽ ቀን ነው። አንዴ የተፋቀ ብረት ግን አይመለስም።