ከሕግ የተዘለለው ቢራና የጋራዡ ወንፊት

ባለፈው ዓመት ከዋሽንግተን ብዙም በማይርቅ የሜሪላንድ መንደር የሚኖር የቆየ ወዳጄን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። መኪናውን ደጅ አቁሞ ጋራዡን ለሌላ ሥራ አውሎታል። በአንድ ትልቅ የአይዝጌ ብረት ድስት አፍ ላይ እንግዳ ነገር ተንጠልጥሏል፤ ከወፍራም የፒቪሲ ቧንቧ የተቆረጠ ቀለበት፣ ቀለበቱን በስተው በአራት አቅጣጫ የወጡ ረጃጅም ቡሎኖች፣ ከቀለበቱ ሥር ደግሞ በፋሼታ የታሰረ የናይሎን ከረጢት። ከረጢቱ ለቀለም ማጥለያ የተሠራ ሲሆን ከግንባታ ዕቃ መደብር በጥቂት ዶላር የተገዛ ነው። ቡሎኖቹ በድስቱ ከንፈር ላይ እንደ እግር ስለሚያርፉ አሜሪካውያን ጠማቂዎች መሣሪያውን «የሆፕ ሸረሪት» ይሉታል።

ዕቃው መናኛ ይመስላል፤ ከጀርባው ያለው የሕግ ታሪክ ግን መናኛ አይደለም። ወደዚያ ከመሻገራችን በፊት ግን ውድ አንባቢ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ልንገርህ።

ሆፕ የፈረንጅ ጌሾ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም። ተክሎቹ ዝምድና የላቸውም፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ መጠጡን ማምረርና ቶሎ እንዳይበላሽ መጠበቅ። ጠማቂው የብቅሉን ጣፋጭ ጭማቂ ለአንድ ሰዓት ያህል ሲያፈላ፣ መጀመሪያ ላይ የጨመረው ሆፕ ምሬቱን፣ ወደ መጨረሻው የጨመረው ደግሞ መዓዛውን ይሰጣል። ችግሩ የሚጀምረው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ሆፑ ሙሉ አበባ ከሆነ ከድስቱ ሥር ዘቅጦ ራሱ ማጣሪያ ይሆናል፤ ከበታቹ ቀዳዳ ያለው ተደራቢ ወለል፣ ወይም በሴጌቶ ጎን ለጎን የተሰነጣጠቀ የመዳብ ቧንቧ ማኖር ይበቃል። የጥንት የእንግሊዝ ጠማቂዎች ለዚሁ ሥራ ወለሉ የተበሳሳ ልዩ ጋን ነበራቸው። ተፈጭቶ እንደ እንክብል የተጨመቀው ሆፕ ግን ፈሳሹ ውስጥ ፈርሶ አተላ ይሆናል፤ ቧንቧ ይደፍናል፣ ፓምፕ ያንቃል። ለዚህ ነው ሆፑን ገና ከመነሻው ወንፊት ውስጥ አስገብቶ ማፍላት የሚያስፈልገው። እዚህም ላይ ልክ አለው፤ የወንፊቱ ዓይን ከደቀቀ በሆፑ ሙጫ ይዘጋል፣ ከሰፋ አተላውን ያሳልፋል፣ ከረጢቱ ከጠበበ ደግሞ ሆፑ ታፍኖ ምሬቱን በሚገባ አይሰጥም። ወዳጄ የመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ከረጢት በጣም ጠባብና ዓይነ ደቃቅ ስለነበር በእንክብሉ ታንቆ፣ እሱም በሚፋጅ እንፋሎት ላይ ቆሞ ከረጢቱን በማማሰያ ሲፍቅ ማምሸቱን እየሳቀ አጫወተኝ።

ለመሆኑ ሁሉ ነገር በሚሸጥበት አገር ሰው ስለምን የቢራ ማጣሪያውን ከቧንቧና ከቀለም ከረጢት ለመሥራት ለመደ? ዛሬ እንኳ ዓይኑ 300 ወይም 400 ማይክሮን የሆነ የተዘጋጀ የብረት ወንፊት ይሸጣል። ልማዱ ግን ከዚህ ገበያ የቀደመ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 1920 የአልኮል መጠጥን የሚከለክለው 18ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በአሜሪካ ሥራ ላይ ዋለ። ማስፈጸሚያው የቮልስቴድ ሕግ በቤት ለሚዘጋጅ የፍራፍሬ ጭማቂ አንድ ቀዳዳ ትቶ ስለነበር፣ የወይን ገበሬውም የከተማው ቤተሰብም በዚያ ሾለከ። ለቢራ እንዲህ ያለ ቀዳዳ አልተተወም። ሆኖም የታወቁት የቢራ ፋብሪካዎች ራሳቸው ሆፕ የገባበት የብቅል ሽሮፕ በጣሳ አሽገው በየግሮሰሪው ይሸጡ ነበር፤ ለዳቦ መጋገሪያ ነው ተብሎ። ዳቦ ሆፕ እንደማይፈልግ ገዢውም ሻጩም ያውቁ ነበር።

ዲሴምበር 5 ቀን 1933 እገዳው በ21ኛው ማሻሻያ ተሻረ። ከዚያ በኋላ በወጣው የፌዴራል ደንብ የቤተሰብ ኃላፊ የሆነ ሰው ለቤቱ ፍጆታ በዓመት እስከ 200 ጋሎን ወይን ያለ ቀረጥ እንዲጠምቅ ተፈቀደለት። ቢራ ግን አልተጠቀሰም። አንድ ጸሐፊ «እና ቢራ» የምትለውን ሐረግ ሳይጽፍ ዘልሏት ነው የሚል ወግ በአሜሪካውያን ጠማቂዎች ዘንድ ይነገራል። እኔ ወጉን አላምነውም። አገሪቱ በኢኮኖሚ ድቀት ተይዛ የቢራ ቀረጥ አጥብቃ በምትፈልግበት ዓመት ቢራ ተረሳ ማለት ይከብዳል። ተረስቶ ነው ቢባል እንኳ፣ አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ሳይታወስ መቅረቱን መርሳት ብሎ መጥራት አይቻልም።

በእርግጥ በጓዳው ቢራ ጠምቀሃል ተብሎ የተከሰሰ ሰው ብዙ አልነበረም። ጉዳቱ በሌላ በኩል ነው። በሕግ ጥላ ሥር ያልገባ ሙያ በአደባባይ አይማርም፤ ማኅበር አያቋቁምም፣ ውድድር አያዘጋጅም፣ ባለሙያው ድስቱ ለምን እንደታነቀ ለማያውቀው ሰው አይናገርም። በእኛ አገር እናት ለበዓል ጠላ ስትጠነስስ ሙያው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ ፈቃድ የሚባል ነገር በማንም ሐሳብ አይመጣም። እዚያ ግን ይህ ሰንሰለት ተበጠሰ። በዚያው ዘመን የቢራ ፋብሪካዎች እርስ በርስ ሲዋዋጡ ቆይተው በ1970ዎቹ መጨረሻ በዚያች ሰፊ አገር የቀሩት ከመቶ በታች ነበሩ።

መፍትሔው የመጣበት መንገድ የሚያስቅ ነው። የካሊፎርኒያው ሴናተር አለን ክራንስተን የቤት ቢራን የሚፈቅድ አንቀጽ አቀረቡ፤ የተካተተውም ስለ ጭነት መኪናዎች፣ ስለ አውቶቡሶችና ስለ ትራክተሮች ኤክሳይስ ቀረጥ በሚደነግግ ሕግ ውስጥ ነው። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ኦክቶበር 14 ቀን 1978 ፈረሙት፤ በፌብሩዋሪ 1979 ጸና። አንድ አዋቂ ለራሱ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ያሉበት ቤት ደግሞ 200 ጋሎን በዓመት መጥመቅ ይችላል፤ መሸጥ ግን አይችልም። በ1978 መጨረሻ ቻርሊ ፓፓዚያን የተባለ የኮሎራዶ መምህር ከባልደረባው ጋር የአሜሪካ የቤት ጠማቂዎች ማኅበርን በቦልደር ከተማ መሠረተ። ቀድሞ በሹክሹክታ ይነገር የነበረው የቧንቧና የወንፊት ብልሃት ከዚያ ወዲህ በመጽሔት ይታተም ጀመር።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ማረም ይገባል። «የአሜሪካን አነስተኛ የቢራ ፋብሪካዎች የፈጠሩት ካርተር ናቸው» የሚል አባባል በየጊዜው ይሰማል። እውነት አይደለም። ፈቃድ አውጥቶ ቀረጥ እየከፈለ ቢራ መሸጥ ከ1978 በፊትም ይቻል ነበር፤ ጃክ ማኮሊፍ በካሊፎርኒያዋ ሶኖማ «ኒው አልቢዮን»ን ያቋቋመው በ1976 ነው፤ ያውም ከወተት ማቀነባበሪያ በተረፉ ጋኖች። ይልቁንስ ጠመቃን የት ተማረ ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። በአሜሪካ ባሕር ኃይል ተቀጥሮ ስኮትላንድ በነበረበት ጊዜ ነው። ብሪታንያ ደግሞ ግላድስተን በ1880 በቤት ጠማቂዎች ላይ የጣሉትን የፈቃድ ግዴታ በ1963 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሬጂናልድ ሞድሊንግ አንስተውት ነበር። የአሜሪካው ወጣት በአገሩ ሕገ ወጥ የሆነውን ሙያ በሰው አገር በነፃነት ተማረ ማለት ነው። ኒው አልቢዮን በ1982 ተዘጋ፤ ግን የጎበኙት ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ኬን ግሮስማን ሲሆን ቺኮ ከተማ ውስጥ የቤት ጠመቃ ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ በ1980 «ሴራ ኔቫዳ»ን እንዲሁ ከወተት ጋኖች ገጣጥሞ ሠራ። ፋብሪካው ካደገም በኋላ ሙሉ አበባ ሆፕን ይዞ ቆየ፤ በ2009 ለገበያ ያዋለውን «ቶርፒዶ» የተባለ ቢራም ሆፕ በታጨቀበት የብረት ሲሊንደር ውስጥ እያዟዟረ ነው የሚያዘጋጀው። የጋራዡ ሸረሪት የበለጸገ ዘመድ መሆኑ ነው።

ስለ ክፍለ ግዛቶቹ ባጭሩ ልበል። 21ኛው ማሻሻያ ሥልጣኑን ለእነርሱ ስለሰጠ የፌዴራሉ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም ነበር። ሚሲሲፒና አላባማ የቤት ቢራን የፈቀዱት በ2013 ነው፤ እገዳው ከተሻረ ከሰማንያ ዓመት በኋላ።

በዚያን ዕለት የወዳጄ እናት ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ መጥተው ስለነበር ጋራዡ ውስጥ ከእኛ ጋር ተቀምጠው ነበር። ወዳጄ ከቀደመው ጥንስስ ቀድቶ ሰጣቸው። ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አንስተው ካዩ በኋላ፣

«አንተ፣ ይኼ ገና ጉሽ ነው እኮ! ሳይጠራ ለእንግዳ ይቀርባል እንዴ?» አሉት።

«እማዬ፣ እዚህ አገር አሁን የሚወደደው ጉሹ ነው» አላቸው። እውነቱን ነው፤ በወጉ ያልጠራ፣ ደመና የመሰለ ቢራ በውድ ዋጋ የሚሸጥበት ዘመን ነው።

እሳቸው ግን አልረኩም። መደርደሪያው ላይ ተጥሎ የነበረውን የመጀመሪያውን ከረጢት አንስተው ጨርቁን በጣቶቻቸው መካከል አሹትና፣

«ዓይኑ ጠቧል። ጌሾ ቢሆን ያንቀው ነበር» አሉ።

ወዳጄ ወደ እኔ ተመለከተ። ያንን ምሽት በማማሰያ ሲፍቅ እንዳሳለፈ አልነገራቸውም።