ያልተሠራልንን ዕቃ ስለማሠራት



ከዓመታት በፊት አዘዞ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ፣ ሌላ ሰው በተገለገለበት ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ጫንሁ። ማሽኑ ተነሣ፤ የዋይፋይ ካርዱን ግን አላወቀውም። ድራይቨሩ የሚወርደው በኢንተርኔት፣ ኢንተርኔቱ የሚገባው በካርዱ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጎንደር ወጥቼ ፋይሉን በፍላሽ አመጣሁ፤ ካርዱም ሠራ።

ችግሩ ከሊኑክስ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1991 ሥራውን ሲያስተዋውቅ፣ በእጁ ካለው የሃርድ ዲስክ ዓይነት ሌላ ምናልባት እንደማይደግፍ ገልጾ ነበር። ዝርዝሩ የሰፋው ሌሎች በየእጃቸው ላለው ዕቃ ኮድ ጽፈው ስለጨመሩ ነው። አምራቹ የአሠራር ሰነድ ባልሰጠ ጊዜ፣ የአምራቹ ድራይቨር ከዕቃው ጋር የሚለዋወጠውን ምልክት እየተከታተሉ ምሥጢሩን ፈቱት። ለኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርዶች የተጻፈው ኑቮ በ2010 በወጣው ከርነል 2.6.33 ውስጥ የገባው በዚህ መንገድ ነው።

እኛም ለዚህ ጥረት ባዕድ አይደለንም። ኢንጂነር አያና ብሩ ለላቲን ፊደል የተሠራውን የጽሕፈት መኪና ለአማርኛ ሲያበጁ፣ በጥቂት ቁልፎች 231 መደበኛ ሆሄያትን የማስጻፍ ፈተና ገጥሟቸዋል።

እኔ ግን መፍትሔዬን አልመዘገብሁትም። በዓመቱ ሥርዓቱን እንደገና ስጭን ከዜሮ ጀመርሁ፤ በኋላ ላፕቶፑን የገዛኝ ተማሪም እንዲሁ። ሊኑክስን ያቆሙት አሠርተው ዝም ያሉት ሳይሆኑ አሠርተው የጻፉት ናቸው። ከእናንተ የምጠይቀውም ይህንኑ ነው።