የበርት ዊልያምስ ሁለት መልኮች

ከኦክላንድም ሆነ ከሳን ሆዜ ተነሥተን ወደ ጎልደን ጌት ፓርክ በዘለቅን ቁጥር ከጃፓኖች የሻይ አትክልት አጠገብ ቆም ማለት ልማዳችን ሆኗል። አትክልቱ በ1894 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እዚያ ከተከፈተው ታላቅ ኤግዚቢሽን የተረፈ ነው። በዚያ ኤግዚቢሽን የዳሆሜ መንደር እንዲታይ ታስቦ ዳሆሜዎቹ በጊዜው ሳይደርሱ ስለ ቀሩ፣ በምትካቸው «አፍሪካዊ» ሆነው እንዲቆሙ ከተቀጠሩት መካከል ሁለት ወጣት ቀልደኞች ነበሩ፤ በርት ዊልያምስና ጆርጅ ዎከር። ባለቤቶቹ ሲመጡ አስመሳዮቹ ተሰናበቱ። ዎከር በ1906 እንደ ጻፈው ግን ሁለቱ እንግዶቹን እየተመላለሱ ሲመለከቱ ሰነበቱ፤ አፍሪካን በመድረክ የማሳየት ሐሳብም ያን ጊዜ አደረባቸው።

ዊልያምስ በ1874 በባሃማስ ተወልዶ በካሊፎርኒያ ያደገ፣ እንደ እኛው የሰው አገር ሰው ነበር። በየካቲት 1906 ጓደኛሞቹ በኒው ዮርክ ማጀስቲክ ቴአትር ያቀረቡት ሙዚቃዊ ኮሜዲ ስሙ «አቢሲኒያ» ይባላል። የዐድዋ ድል ገና ዐሥር ዓመቱ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክም በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። በዚያ መድረክ ላይም ምኒልክ ዳኛ ሆነው ተቀምጠዋል፤ ዊልያምስ የሚጫወተው ምስኪን አሜሪካዊ በሌብነት ተከሶ፣ እጁ ይቆረጥ እንደሆነ የደወሉን ምት እየቆጠረ ይንቀጠቀጣል። የኛን አገር ፈልገን እናገኝበት ዘንድ አይቻልም፤ ስሕተቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ጥቁር ሰው ያለ ፍርድ በየዛፉ በሚሰቀልበት አሜሪካ፣ ጥቁር ንጉሥ በችሎት ተቀምጦ ፍርድ ሲሰጥ ማሳየት ቀላል ነገር ነበርን? ይህን ስናስብ ቅሬታችን ይለዝባል።

የዊልያምስ ፎቶግራፎች ሁለት ዓይነት ናቸው። በአንደኛው መልከ ቀይ፣ ረጅም፣ ልብሱ የሚያምርበት ጨዋ ሰው ነው። በሁለተኛው ፊቱን በተቃጠለ ቡሽ አጥቁሮ፣ ያረጀ ኮት ለብሶ ትከሻውን ጥሎ ቆሟል። ጥቁሩ ሰው ጥቁር ለመምሰል መቀባት ነበረበት! በየባህል ምሽቱ ነጭ ለብሰን ለባዕድ ተመልካች እስክስታ ስንወርድ ይህ ሁለተኛው ፎቶግራፍ ትዝ የሚለን ያለ ምክንያት አይደለም።

ዎከር በ1911 ሞተ። ዊልያምስ ከ1910 ጀምሮ ከነጮች ጋር በዚግፌልድ መድረክ ተሰልፎ ዝናው ገነነ፤ በ1922 በ47 ዓመቱ ዐረፈ። በ1913 የተቀረጸና ሳይጠናቀቅ የቀረ አንድ ፊልሙ በኒው ዮርክ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተጠብቆ ኖሮ በ2014 ለሕዝብ ታየ። በዙሪያው ያሉት ጥቁር ተዋንያን ፊታቸውን አልተቀቡም፤ የተቀባው እሱ ብቻ ነው።