የአፓላቺያ ድርብርብ የፖም ኬክ፤ አፈ ታሪኩና ታሪኩ

በኢትዮጵያ ደጋማ ምድር ክረምቱ አልፎ፣ አደይ ፈክቶ፣ እሸት በሚቀመስበት ሰሞን፣ በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ተራሮች ቅጠል ይረግፋል፤ ፖም ይለቀማል፤ የማሽላ አገዳ ይጨመቃል። አማርኛ መጸው ብሎ የሚጠራው ይህ ወቅት በዚያም አገር የመሰብሰቢያና ለብርዱ ወራት ስንቅ የማኖሪያ ጊዜ ነው። ተራሮቹ አፓላቺያ ይባላሉ። ደቡባዊው ክፍላቸው ኬንታኪን፣ ቴነሲን፣ ቨርጂኒያን፣ ሰሜን ካሮላይናንና ሰሜናዊ ጆርጂያን ያዳርሳል። የዚህ አካባቢ ሕዝብ «የእኛ ነው» ብሎ የሚኮራበት አንድ ኬክ አለው፤ ድርብርቡ የፖም ኬክ።

ይህ ኬክ በከተማ ኬክ ቤቶች መስኮት ከሚታዩት፣ በክሬም ከተሸፈኑት ኬኮች ጋር አይመሳሰልም። እንደ ቂጣ የሳሱ ንብብሮች አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረው የሚሠራ ሲሆን፣ ቁጥራቸው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 12 ይደርሳል። በየመካከላቸው የሚቀባው ደርቆ የከረመ፣ በኋላም ተቀቅሎ የላመ ፖም ነው። ሊጡ የሚጣፍጠው በስኳር ሳይሆን ከማሽላ አገዳ ተጨምቆ በሚነጠር ጥቁር ቡናማ ሽሮፕ ነው። ጌጥ የለውም። ሆኖም ቀላል የሚመስለው ይህ ምግብ ረጅም ታሪክ ተሸክሟል፤ ታሪኩም በሰፊው ከሚነገርለት ተረት ጋር አይገጥምም።

በሰፊው የሚነገረው የሠርግ ታሪክ ነው። በድሮ ዘመን የተራራው ሕዝብ ድኻ ስለነበረ፣ ሙሉ የሠርግ ኬክ ለመጋገር የሚችል ቤተሰብ ብዙም አልነበረም ይባላል። ስለዚህ ጎረቤትና ዘመድ በየቤቱ አንድ አንድ ንብብር ጋግሮ ይመጣል፤ የሙሽራዪቱ ቤተሰቦች መሐል የሚቀባውን ፖም አሰናድተው ይጠብቃሉ፤ የመጣው ሁሉ በላይ በላዩ ይደረደራል። የኬኩ ቁመትም ሙሽራዪቱ ምን ያህል ተወዳጅ እንደሆነች ይመሰክራል ይላሉ። ለድግስ እንጀራና ጠላ ከየቤቱ ሲዋጣ ያየ አንባቢ ይህን ታሪክ ገና ሲሰማው ይወደዋል፤ ያምነዋልም።

ችግሩ ኬኩ ራሱ ይህን ታሪክ አለመደገፉ ነው። ንብብሮቹ ከምድጃ ሲወጡ እንደ ብስኩት ደረቅ ናቸው። ለመብል የሚደርሱት ፖሙ ከተቀባባቸው በኋላ ኬኩ ተሸፍኖ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሲያድር ነው። በዚያን ጊዜ የፖሙ እርጥበት ቀስ በቀስ ወደ ሊጡ ይሰርጋል፤ ደረቁ ይለሰልሳል፤ ንብብሩና ፖሙ ይዋሐዳሉ። በሠርጉ ዕለት ከየቤቱ መጥቶ የተደረደረ ኬክ በዚያው ዕለት ሊበላ ቢቀርብ የሚገኘው ጣዕም የተለየ ይሆናል። ስለዚህ የምግብ ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች የሠርጉን ታሪክ በጥርጣሬ ይመለከቱታል።

ሌላም ተረት አለ። ኬኩን ወደ ኬንታኪ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1774 የሐሮድስበርግን ከተማ የመሠረተው ጀምስ ሐሮድ ነው ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህንንም ዘመኑ አይፈቅድም። ሊጡን የሚያነሣው ቤኪንግ ሶዳ በአሜሪካ ተመርቶ ለገበያ መቅረብ የጀመረው በ1846 ነው። የጣፋጭ ማሽላ ዘር ወደዚያ አገር የገባው ደግሞ በ1850ዎቹ ነው። የስንዴ ዱቄትም ቢሆን በተራራው ቤቶች እንደልብ መገኘት የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት የዕለት እንጀራቸው በቆሎ ነበር። እንግዲህ ዛሬ የሚታወቀው ኬክ ሰዎች እንደሚያስቡት ጥንታዊ አይደለም። በውስጡ ያሉት ነገሮች ግን ከታሰበው እጅግ የራቀ ዕድሜና መንገድ አላቸው።

ከፖሙ እንጀምር። ፖም የአሜሪካ ተወላጅ አይደለም። የሩሲያው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1929 የዛሬዋ ካዛክስታን ውስጥ አልማ አታ ከተማ ዙሪያ ያሉትን የዱር ፖም ደኖች ተመልክቶ፣ የፖም መነሻ በቲየን ሻን ተራሮች ግርጌ መሆኑን ገምቷል። በ2010 የታተመ የፖም ዘር ውርስ ጥናትም ዋናው ቅድመ አያት የዚያ አካባቢ የዱር ፖም መሆኑን አረጋግጧል። ከዚያ በንግድ መንገዶች ወደ ምዕራብ ተጉዞ አውሮፓን ያዳረሰው ፖም፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከሰፋሪዎች ጋር ውቅያኖስ ተሻገረ።

ፖም አንድ ጠባይ አለው፤ ከፍሬው የተዘራ ዛፍ እናቱን አይመስልም። የሚወደድ ፖም እንዳለ እንዲቀጥል ከተፈለገ ቅርንጫፉ ተቆርጦ በሌላ ዛፍ ግንድ ላይ መጣበቅ አለበት። በዘር በብዛት በተተከለበት ቦታ ሁሉ አዳዲስ ዓይነቶች ይበቅላሉ ማለት ነው። በደቡባዊ አፓላቺያም የሆነው ይኸው ነው። አንዱ ለማድረቅ፣ አንዱ ለመጭመቅ፣ አንዱ እስከ ጸደይ ሳይበላሽ ለመቆየት የተመረጠ፣ ስም የወጣለት ፖም በየሸለቆው ተገኘ።

እነዚህን ፖሞች የተከሉት ግን ነጮቹ ሰፋሪዎች ብቻ አልነበሩም። የአገሩ ባለቤቶች የቼሮኪ ሕዝቦች ከአውሮፓውያን ነጋዴዎች ያገኙትን ዘር በ18ኛው ክፍለ ዘመን መትከል ጀምረው፣ በ19ኛው መጀመሪያ ላይ የታወቁ የፖምና የኮክ እርሻዎች ነበሯቸው። በ1830 ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን የምሥራቁን ነባር ሕዝቦች ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ የሚያሰፍር ሕግ ፈረመ። የጆርጂያ ግዛት በ1832 የቼሮኪን መሬት ለነጭ ነዋሪዎች በዕጣ አከፋፈለ። በ1835 ጥቂት ሰዎች ብቻ የፈረሙበት ውል ከተደረገ በኋላ፣ የመንግሥት ገማቾች በየቤተሰቡ እየዞሩ ንብረት መዘገቡ፤ ጎጆው፣ ጎተራው፣ አጥሩ፣ እያንዳንዱ የፖም ዛፍ ሳይቀር ተቆጥሮ ዋጋ ወጣለት። በ1838 ወታደሮች መጡ። ወደ 16,000 የሚሆን ሕዝብ ከአገሩ ተነቅሎ ወደ ዛሬዋ ኦክላሆማ ሲጓዝ፣ ወደ 4,000 የሚሆነው በመጠለያ ሰፈሮችና በመንገድ እንደሞተ ይገመታል። ዛፎቹ ግን ቀሩ። በቀጣዩ መጸው ፍሬያቸውን የለቀመው ሌላ ሰው ነበር።

ጁናለስካ የሚባል የፖም ዓይነት እስከ ዛሬ አለ። ስሙ የአንድ የቼሮኪ መሪ ስም ነው። ይህ ሰው በ1814 በሆርስሹ ቤንድ ጦርነት ከዚያው ከጃክሰን ጎን ተሰልፎ የተዋጋ ነበር። የተዋጋለት ጄኔራል ፕሬዚዳንት ሆኖ ሕዝቡን አስነቀለ፤ ስሙን ያቆየለት ግን ፖም ሆነ።

ከለቀማ በኋላ ዋናው ሥራ ማድረቅ ነው። ትኩስ ፖም በየጓዳው እስከ ክረምቱ ማብቂያ አይዘልቅም፤ የደረቀው ግን ይቆያል። በመጸው ምሽቶች ጎረቤት ተሰብስቦ በደቦ ፖም ይልጣል፤ በስሱ ይከትፋል። ክትፉ በጨርቅ ላይ ተሰጥቶ ጣሪያ ላይ ይሰጣል፤ ወይም በክር ተሰክቶ በምድጃው አጠገብ ይንጠለጠላል። ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ይጠቁራል፤ ጣዕሙ ግን ይጠልቃል። እንግዲህ የሠርጉ ተረት በተሳሳተ ቦታ ቢያስቀምጠውም፣ መረዳዳቱ እውነት ነው። ኬኩ የብዙ ሰዎች እጅ ውጤት የሆነው በሠርጉ ዕለት ሳይሆን፣ ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ በልጣጩ ክምር ዙሪያ ነው።

ለምሥራቅ አፍሪካ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የኬኩ ሁለተኛ መሠረት ነው፤ ማሽላ። ቫቪሎቭ ወደ አልማ አታ ከመሄዱ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1927፣ ኢትዮጵያን ተዘዋውሮ የእህል ዘር ሰብስቦ ነበር። ማሽላንም ከኢትዮጵያ አካባቢ መነሻነት ካላቸው ሰብሎች ጋር መደበው። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2017 የታተመ የአርኪዎሎጂ ጥናት በምሥራቅ ሱዳን ከከሰላ ብዙም በማይርቀው የቡታና ምድር በተገኙ የሸክላ ስባሪዎች ላይ የማሽላ ገለባ አሻራ አሳየ። ሸክላዎቹ ከ5,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ሲሆኑ፣ አሻራው ማሽላ በዚያን ጊዜ በሰው እጅ መልመድ መጀመሩን ይመሰክራል። ከዚህ አካባቢ ማሽላ ወደ ሕንድ፣ በኋላም ወደ ቻይና ደረሰ፤ በሌላ በኩል ወደ ደቡባዊ አፍሪካ ወረደ።

አገዳው የሚጣፍጠውን የማሽላ ዓይነት በኢትዮጵያ የማያውቀው ልጅ ጥቂት ነው። ጥንቅሽ ይባላል፤ ተልጦ ይመጠጣል። ይኸው ዓይነት በሁለት መንገድ አሜሪካ ገባ። በ1851 በሻንጋይ የነበረው የፈረንሳይ ቆንስል ከቻይና ወደ ፈረንሳይ ዘር ላከ፤ ከዚያ ላይ የአሜሪካ መንግሥት ወኪል በ1854 ወስዶ ለገበሬዎች አከፋፈለ። በሌላ በኩል ሌናርድ ሬይ የተባለ እንግሊዛዊ የሸንኮራ አገዳ አምራች በናታል የዙሉ ገበሬዎች የሚያለሙትን ጣፋጭ ማሽላ ተመልክቶ ዘሩን ሰበሰበ፤ በ1857 ወደ አሜሪካ አመጣው። የዙሉ ገበሬዎች ስም በየትኛውም የኬኩ ተረት ውስጥ አይነሣም።

በዚያ ዘመን የስኳር ነገር ከባርነት ጋር የተሳሰረ ነበር። የሉዊዚያና ሸንኮራ አገዳ የሚለማው በባርነት በተያዙ ጥቁሮች ጉልበት ስለነበረ፣ በሰሜን ያሉ የባርነት ተቃዋሚዎች ማሽላን ነጻ ገበሬ በራሱ ማሳ የሚያገኘው ጣፋጭ ነው ብለው አበረታቱት። ይሁንና ሬይ ያመጣው ዘር በ1857 ከተዘራባቸው ቦታዎች አንዱ የደቡብ ካሮላይና የቀድሞ አገረ ገዥ ጀምስ ሄንሪ ሐሞንድ እርሻ ነበር። ሐሞንድ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በባርነት የያዘ ሰው ነበር። ያንኑ የአፍሪካ ተክል አንዱ ወገን ለነጻነት፣ ሌላው ለባርነት አሰበው። በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ተነሥቶ የስኳር መንገድ ሲዘጋ ግን የማሽላ ሽሮፕ በሁለቱም ወገን የድኻ ቤት ጣፋጭ ሆነ። በተራራው አገርም ሥር ሰደደ።

ሽሮፑን ማዘጋጀት የአንድ ቀን ሙሉ ሥራ ነው። አገዳው ቅጠሉና እሸቱ ተነሥቶለት በብረት መዘውሮች መካከል ይገባል፤ በጥንቱ ዘዴ መዘውሩን የምታዞረው በክብ የምትመላለስ በቅሎ ነበረች። አረንጓዴው ጭማቂ በሰፊና ጥልቀት በሌለው የብረት ገበታ ላይ ለሰዓታት ይፈላል። የሚወጣው አረፋ ሳይታክቱ ይገፈፋል፤ ካልተገፈፈ ሽሮፑ ይመራል። ከ10 ሊትር ያህል ጭማቂ የሚገኘው 1 ሊትር ገደማ ብቻ ነው።

መጋገሩም እንዲሁ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዱቄት፣ ሽሮፕ፣ እንቁላል፣ ስብ ወይም ቅቤ፣ አሬራና ሶዳ ተለውሶ ጠንከር ያለ ሊጥ ይሆናል፤ ዝንጅብል ይጨመርበታል። ሊጡ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ክፍል በብረት መጥበሻ ላይ በስሱ ተዳምጦ በየተራ ይጋገራል። አሬራው ያለው ኮምጣጣነት ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ሊጡን ጥቂት ያነሣዋል። የደረቀው ፖም በውኃ ተቀቅሎ ይላማል፤ ቀረፋና ቅርንፉድ ይገባበታል፤ ገና ሞቅ እንዳለ ይቀባል። ከዚያ ኬኩ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ሳይነኩት መቆየት የሚከብደው ያን ጊዜ ነው።

ኬንታኪና ቴነሲ ዛሬም በማሽላ ሽሮፕ ከሚታወቁት ግዛቶች ግንባር ቀደም ናቸው፤ ኬኩም በመጸውና በገና ሰሞን ይጋገራል። የሠርጉን ተረት የሚናገሩት ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም። ተረቱ ድኾች ያላቸውን አዋጥተው አንድ ትልቅ ነገር እንደሚሠሩ ይናገራል፤ ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ሁሉም ወዶ አዋጣ የሚል ታሪክ፣ ሳይወዱ ያዋጡትን ይሸፍናል። የቡታና ገበሬዎች ማሽላውን አለመዱ፤ የዙሉ ገበሬዎች ጣፋጩን ዓይነት ጠብቀው አቆዩ፤ ቼሮኪዎች ተክለው ያሳደጉት ዛፍ ዋጋ ወጥቶለት ለሌላ ቀረ። ከእነዚህ አንዳቸውም ወደዚያ ሠርግ አልተጠሩም።

ስማቸው ቢነሣ ኬኩ ከአፓላቺያ ሴቶች እጅ አይወሰድም፤ ያደረቁት፣ የነጠሩት፣ የጋገሩትና ሦስት ቀን የጠበቁት እነርሱ ናቸው። ለሠርጉ ኬክ እያንዳንዱ እንግዳ አንድ ንብብር አምጥቷል የሚል ሰው፣ እነዚህንም ከአምጪዎቹ ጋር ሊቆጥራቸው ይገባል።