ከተማ ተማሪን ከበር አትመልስም

ጥር 13 ቀን 2017 በመቀሌ ጎዳናዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሙስሊሞች ሰልፍ ወጥተው ነበር። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፦ በአክሱም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሂጃብ የለበሱ ተማሪዎች ከክፍል ተከልክለው ነበር፤ ከ150 በላይ ልጆችም በዚሁ ሰበብ ለብሔራዊ ፈተና ሳይመዘገቡ ቀርተዋል።

ዜናው ግን ሲዞር «አክሱም ሂጃብ ከለከለች» ሆነ። ከተማ ግን ተማሪን ከበር አትመልስም። የከለከሉት የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ናቸው። በእነሱ ፈንታ የከተማዋ ስም ሲጠራ ተጠያቂዎቹ ይደበቃሉ። ይባስ ብሎ የተበደሉት ልጆች ራሳቸው የአክሱም ልጆች መሆናቸው ይዘነጋል።

ታሪክም ለዚሁ ይውላል። አንዱ በ615 እ.ኤ.አ. ሰሐቦችን ያስጠለለውን ነጃሺን (ረ.ዐ) ጠቅሶ የዛሬውን በደል ይሸፍናል። ሌላው የአክሱም ሙስሊም በከተማው መስጂድ እንደሌለው አንስቶ ነዋሪውን ሁሉ ጠላት ያደርጋል። ሁለቱም እዚያው የሚኖረውን ሙስሊም አልጠየቁትም።

በሞጣም ያየነው ይህንኑ ነው። ታህሳስ 10 ቀን 2012 መስጂዶች ተቃጠሉ፣ የሙስሊሞች ሱቆች ተዘረፉ። ከዚያ ወዲህ ለብዙዎቻችን «ሞጣ» ማለት እሳት ብቻ ሆነ። መስጂዳቸው የነደደባቸው ግን የሞጣ ሰዎች ናቸው። ሱቃቸውን መልሰው የሚከፍቱትም፣ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉትም እዚያው ነው። ከተማቸውን በጅምላ ስንረግም እነሱንም አብረን ከአገራቸው እናስወጣለን።

የመቀሌው ሰልፍ ከዚህ የተሻለ መንገድ አሳይቶናል። የወጡት የትግራይ ሙስሊሞች ናቸው፤ መብታቸውን የጠየቁትም በገዛ ዋና ከተማቸው፣ የክልሉን አስተዳደር ነው። ጉዳዩ አክሱም ፍርድ ቤትም ደርሶ ክልከላው እንዲታገድ ትዕዛዝ ተሰጥቷል። ትግራይን በሙሉ በእስልምና ላይ የሚያቆም ርዕስ ለእነዚህ ሁለት እውነቶች ቦታ የለውም።

ስለዚህ ዜና ከማጋራታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ያደረገው ማን ነው? በየትኛው ሥልጣኑ? የተበደለውስ ምን ይላል? በደልን ማለዘብ አይደለም፤ በደለኛውን በስሙ መጥራት ነው። እኛ አጋርተን ወደ ሌላ ዜና እናልፋለን፤ ልጅቷ ግን ነገም ደብተሯን ይዛ ወደዚያው ትምህርት ቤት ትሄዳለች።