ባለ ውዝፏ ተከራይና ያልተመዘገበው ዲፖዚት

የዛሬው ወግ የእንግሊዝ አገር ወግ ነው። ለንደን ውስጥ አንዲት ተከራይ አለች እንበል። ስም አልሰጣትም፤ እንደሷ ያለች ሴት በየሰፈሩ አለችና። ስቱዲዮ ተከራይታ በወር 1,300 ፓውንድ ትከፍላለች። ስትገባ አከራዩ 1,500 ፓውንድ ዲፖዚት፣ ማለትም የቤት መያዣ፣ ተቀብሏታል። መጀመሪያ አንዲት ቀን እንኳ ሳታሳልፍ ትከፍል ነበር። ኋላ ግን የሥራ ሰዓቷ ተቀነሰ። የአንድ ወር ኪራይ አደረ፣ የሁለት ወር አደረ፣ ሦስተኛው ተጨመረ። ውዝፉ 3,900 ፓውንድ ገባ። ይሄኔ አከራዩ መጣና «ዲፖዚትሽን ለውዝፉ ይዤዋለሁ፤ የቀረውን ክፈዪና ቤቴን ልቀቂ» አላት። እሷም አንገቷን ደፍታ «ዕዳ እያለብኝ በምን አፌ ልናገር?» አለች።

አፍ አላት። እኔም ይህን ወግ የጀመርኩት እሱን ልናገር ብዬ ነው። አከራዩ ዲፖዚቷን የትም አላስመዘገበውም። ኪራይ መወዘፍ አንድ ነገር ነው፤ ዲፖዚትን በሕጉ መሠረት ሳያስመዘግቡ መያዝ ሌላ ነገር ነው። የሷ ጥፋት የሱን ጥፋት አያነጻውም።

ለመሆኑ ይህ ሕግ ከየት መጣ? ድሮ በእንግሊዝ አገር አከራይ የተቀበለውን ዲፖዚት ኪሱ ይከተዋል፤ ተከራዩ ሲወጣ ከፈለገ ይመልሳል፣ ካልፈለገ ምንጣፉ ቆሽሿል፣ ግድግዳው ተፍቋል ብሎ ያስቀረዋል። ተከራዩ ገንዘቡን ለማስመለስ ራሱ ከሳሽ መሆን ነበረበት። ለጥቂት መቶ ፓውንድ ፍርድ ቤት የሚንከራተት ደግሞ ብዙ ሰው አይደለም። ከዚያ የ2004 የቤቶች ሕግ ወጣ፤ የዲፖዚቱ ክፍል ከኤፕሪል 6 ቀን 2007 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። አከራዩ ዲፖዚቱን በተቀበለ በ14 ቀን ውስጥ መንግሥት በፈቀደለት አስቀማጭ ዘንድ ያስመዝግብ፣ የት እንዳስቀመጠውም ለተከራዩ በጽሑፍ ይንገር ተባለ። ይህን ካላደረገ ዲፖዚቱን ይመልስ ወይም ያስመዝግብ፣ በዚያ ላይ የዲፖዚቱን ሦስት እጥፍ ለተከራዩ ይክፈል። ሕጉ በወረቀት ላይ እንዲህ ጥርስ ነበረው።

ወረቀት ላይ ያለ ጥርስ ግን በችሎት ሊወልቅ ይችላል። በኖቬምበር 2010 ሁለት ጉዳዮች አንድ ላይ ሆነው ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ከሁለቱ በአንዱ የተከሰሰችው ተከራይ ልክ እንደኛዋ ሴት ውዝፍ ነበረባት፤ አከራዩ ኩባንያ ቤቱን ትልቀቅልኝ ብሎ ከሷታል። እሷም በበኩሏ «ዲፖዚቴን በጊዜው አላስመዘገበም፤ ሦስት እጥፉን ይክፈለኝ» ብላ ተከሳሽ ሳለች ከሳሽ ሆነች። ኩባንያው ምን አደረገ? ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ፣ ክርክሩ ከመሰማቱ በፊት፣ ገንዘቡን አስመዘገበ። ሦስት ዳኞች ተሰየሙ። ሁለቱ አከራዩ ክርክሩ እስከሚሰማበት ቀን ድረስ ካስመዘገበ ቅጣቱ አያገኘውም አሉ። ሦስተኛው ዳኛ ሰር ስቴፈን ሴድሊ አልተስማሙም፤ 14ኛው ቀን ካለፈ አለፈ የሚል ነበር አቋማቸው። ግን አንድ ለሁለት ሆኑ። እኔ ያንን ፍርድ ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ከሳቸው ጋር ነው። እስኪከሰስ ተኝቶ፣ ሲከሰስ ተነሥቶ የሚያስመዘግብን አከራይ የማይነካ ቅጣት ማንን ያስፈራል?

በዚህም አላበቃም። በሜይ 2011 ያው ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ፣ የኪራይ ውሉ አብቅቶ ተከራዩ ከወጣ በኋላ የሦስት እጥፉ ክስ አይቀርብም ብሎ ፈረደ። እንግዲህ አስቡት! ቤት ውስጥ ሳለህ ከከሰስክ አከራዩ ቶሎ ብሎ ያስመዘግብና ያመልጣል፤ ከወጣህ በኋላ ከከሰስክ ደግሞ ጊዜህ አልፏል። አብዛኛው ሰው ዲፖዚቱ እንደተበላ የሚያውቀው ከወጣ በኋላ አይደለም ወይ?

ይህን ጊዜ ፓርላማው ተነሣ። በኖቬምበር 2011 የጸደቀው ሕግ ሁለቱንም ቀዳዳ ደፈነ፤ ከኤፕሪል 6 ቀን 2012 ጀምሮም ተፈጻሚ ሆነ። ለአከራዩ የሚሰጠው ጊዜ ከ14 ወደ 30 ቀን ረዘመ፤ ግን 30ኛው ቀን ካለፈ ዘግይቶ ማስመዝገብ ከቅጣቱ አያድንም። ተከራዩ ከወጣ በኋላም መክሰስ ይችላል፤ ስድስት ዓመት ጊዜ አለው። በለውጡ አከራዮችም ያገኙት ነገር አለ፤ ቅጣቱ ቁርጥ ሦስት እጥፍ መሆኑ ቀርቶ ከአንድ እጥፍ እስከ ሦስት እጥፍ ሆነ። ስንት ይሁን የሚለውን ዳኛው የአከራዩን ጥፋት ክብደት አይቶ ይወስናል። ብዙ ቤት የሚያከራይ፣ ሕጉን እያወቀ ችላ ያለ ሰው ወደ ሦስቱ ይጠጋል፤ አንዲት ቤት ያለው፣ ባለማወቅ ያጠፋና ወዲያው ያረመ ሰው ወደ አንዱ።

አሁን ወደ ሴትዮዋ እንመለስ። አከራዩ ቤቷን ሊያስለቅቃት ከሰሳት። የፍርድ ቤቱ ወረቀት ሲደርሳት ብዙ ሰው እንደሚያደርገው መሳቢያ ውስጥ ብትቀብረው ኖሮ ነገሩ በዚያው ባለቀ ነበር። እሷ ግን የመከላከያ ቅጹን ሞልታ ዲፖዚቴ አልተመዘገበም፣ ቅጣቱ ከውዝፌ ጋር ይቻቻልልኝ ብላ የራሷን ክስ አቀረበች። እስቲ አብረን እናስላ። ዳኛው ለአከራዩ እጅግ አዝኖ አንድ እጥፍ ብቻ ቢፈርድ 1,500 ፓውንድ ነው። 3,900ው ወደ 2,400 ይወርዳል። ዲፖዚቱም ይመለስላት ከተባለና ከተቻቻለ 900 ፓውንድ ይቀርባታል። ሁለት እጥፍ ከሆነ 3,000 እና የዲፖዚቱ 1,500፣ በድምሩ 4,500 ነው፤ አከራዩ 600 ፓውንድ ባለዕዳ ይሆናል። ሦስት እጥፍ ከተፈረደ ደግሞ 2,100 ፓውንድ ጨምሮ ይከፍላታል።

ከገንዘቡ የሚበልጠው ግን ቤቱ ነው። በአዲሱ የተከራዮች መብት ሕግ ከሜይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ፣ በውዝፍ ምክንያት ዳኛው የግድ የማስለቀቅ ትእዛዝ እንዲሰጥ ዕዳው ቢያንስ ሦስት ወር መሙላት አለበት፤ ማስጠንቀቂያው ሲሰጥም፣ ጉዳዩ ሲሰማም። ቀድሞ ሁለት ወር ይበቃ ነበር። ስለዚህ ዳኛው የሴትዮዋን ክስ ተቀብሎ ካቻቻለው፣ በትንሹ ቅጣት እንኳ ዕዳዋ ከሦስት ወር በታች ይወርዳል። የዳኛው እጅ አይታሰርም ማለት ነው፤ ሁኔታዋን አይቶ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየከፈለች እንድትቆይ ሊፈቅድላት ይችላል። ያው ሕግ ያለ ምክንያት በሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ማስወጣትንም አስቀርቷል። ብዙ ተከራይ ስለ ዲፖዚቱ ዝም ሲል የኖረው ያንን ማስጠንቀቂያ ፈርቶ ነበር። አሁን ደግሞ፣ ጎረቤትን እንደማወክ ካሉ ጥፋቶች በቀር፣ ዲፖዚቱ በሥርዓት ካልተቀመጠ ወይም ካልተመለሰ ፍርድ ቤት የማስለቀቅ ትእዛዝ አይሰጥም።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታባችሁ። ዕዳው ዕዳ ነው። «ዲፖዚቴን ስላላስመዘገበ ኪራይ አልከፍልም» የሚል ሰው ራሱን ገደል ይከታል። ቅጣቱን የሚወስነው ዳኛ እንጂ ተከራዩ አይደለም። አከራዩም ሕጉን ካከበረና ዲፖዚቱ ከተመዘገበ፣ ውዝፉን ከዚያ ላይ እንዲቀነስለት መጠየቅ መብቱ ነው፤ ማስረጃውን ያቀርባል፣ ገለልተኛ ሰው ይዳኛል። የታማኝ አከራይ ገንዘብ በዚህ አይጎዳም።

ለኛ ሰው ለብቻው የምለው አለኝ። አዲስ አበባ ላይ የሦስትና የስድስት ወር ቅድሚያ ቆጥሮ ሰጥቶ፣ በእምነት ብቻ ቁልፍ ተቀብሎ ያደገ ሰው ለንደን ሲገባም በዚያው ልማድ ይቀጥላል። ያገሬ ልጅ ነው ብሎ ገንዘቡን በእጁ ይሰጣል፤ ደረሰኝ መጠየቅ ነውር ይመስለዋል። ነውር አይደለም። ደረሰኝ ከሌለ ዲፖዚት መስጠታችሁን የምታስረዱት በምንድን ነው? በባንክ አስተላልፉ፤ የግድ በእጅ ከሆነም እዚያው መልእክት ላኩለት፣ መቀበሉን ይመልስላችሁ። ደግሞ ይህ ሕግ ሁሉን አያቅፍም። አከራያችሁ እዚያው ቤት አብሯችሁ የሚኖር ከሆነ፣ አንድ ክፍል ብቻ ሰጥቷችሁ ኩሽናና መታጠቢያውን የምትጋሩ ከሆነ፣ የማስመዝገብ ግዴታ የለበትም። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩት እንዲህ ነው፤ ሕጉ እነሱን ሜዳ ላይ መተዉ ያሳዝነኛል። ውሉን በጋራ የፈረማችሁ ደግሞ በጋራ ክሰሱ፤ አንዱ ብቻውን ቢሄድ ክሱ ይሰናከላል። ስኮትላንድ ያላችሁም የናንተ ሕግ ሌላ ነው፤ ከወጣችሁ በሦስት ወር ውስጥ ካላመለከታችሁ ያልፋችኋል።

እንግዲህ ዛሬውኑ አጣሩ። በእንግሊዝ አገር የተፈቀደላቸው አስቀማጮች ሦስት ናቸው፦ ዲፖዚት ፕሮቴክሽን ሰርቪስ፣ ማይ ዲፖዚትስ እና ቴናንሲ ዲፖዚት ስኪም። ሦስቱም ዘንድ የአባት ስማችሁን፣ የቤታችሁን ፖስት ኮድ፣ የገባችሁበትን ቀንና የዲፖዚቱን ልክ አስገብታችሁ ፈልጉ። ከሦስቱ በአንዱም ከሌለ፣ የከፈላችሁበትን የባንክ ወረቀት ይዛችሁ ነጻ ምክር ወደሚሰጡት ሲትዝንስ አድቫይስ ወይም ሼልተር ሂዱ። ከቤት ውጡ የሚል ክስ ከደረሳችሁ ደግሞ ቀኑን አታሳልፉ፤ ሂዱ፣ ችሎት ፊት ቁሙ። በዚያን ቀን እዚያው ፍርድ ቤት፣ ገቢያችሁ ምንም ያህል ቢሆን፣ ገንዘብ ሳትከፍሉ የሚቆምላችሁ የሕግ ባለሙያ ጠይቁ። ስታገኙትም ከሁሉ አስቀድማችሁ «ዲፖዚቴ አልተመዘገበም» በሉት።